አሥረኛው መቀመጫ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ብድግ ብዬ ሳህን የማጥብ ሰው ነኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሴቶቹ ተሰብስበው የእገሊት ቤት በር ለብቻው ተከፈተ፣ እገሌ የሞተች እህቱን ባቡር ላይ አያት ሲባባሉ ወይ እስቃለሁ ወይ እቆጣለሁ፣ ምክንያቱም የምሠራው እዚህ ሲያትል አጠገብ፣ ሬንተን ከተማ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሳይ እውላለሁ፣ እዚያ ውስጥ ጥርስና ምላስ እንጂ ሌላ ነገር አይቼ አላውቅም። ህልም አላስፈታም፣ ጥቁር ድመት መንገድ ብታቋርጠኝ እኔው ነኝ የምሰድባት። እና ይህን ስነግራችሁ ወድጄ አይደለም፣ ዓመት ሙሉ ለአንድ ሰው ሳልተነፍስ ከርሜ አሁን ሆዴ አልችል ብሎኝ ነው፣ ለባሌ ደግሞ ልነግረው አልችልም፣ ለምን እንደማልችል ስጨርስ ይገባችኋል።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በገና ዋዜማ ነው። ባሌ ሙሉጌታ፣ እኔ ሙሌ ነው የምለው፣ ትልቁን ትራክ ይነዳል፣ በየበዓሉም ከስምንት ጓደኞቹ ጋር ቅርጫ ይገባል፣ ዘጠኝ ሆነው አንድ በሬ ከገበሬ ይገዙና እዚያው አርደው፣ መደብ መድበው፣ ዕጣ አውጥተው ይካፈላሉ። ታዲያ ፋሲካ ላይ ሙሌ መንገድ ላይ ስለነበር ድርሻችንን ሰው አመጣልን፣ ምን አመጣ ትሉኛላችሁ፣ አጥንትና ጅማት! ዕጣ ነው ይላሉ፣ የምን ዕጣ፣ በቦታው የሌለ ሰው እንዴት አንድ ቀን እንኳ ሻኛ አይወጣለትም? ለገናም ሙሌ መንገድ ላይ እንደሚሆን ሳውቅ፣ ሞቼ እገኛለሁ፣ ዘንድሮስ ራሴ ነኝ የምሄደው አልኩ።

«አንቺ ደግሞ እዚያ ወንድ መሀል ምን ልትሠሪ?» አለኝ በስልክ እየሳቀ። ከተራራው ወዲያ ማዶ ነበር፣ ጭነቱን ይዞ በዚያው ቀን ተሻግሮ ለበዓሉ ሊገባ።

«ሻኛዬን ልጠብቅ ነዋ» አልኩት። «ይልቅ አንተ ተጠንቀቅ፣ ላይ በረዶ እየጣለ ነው ብለዋል።»

«ቀስ ብዬ ነው የምመጣው። ስምንት ሰዓት ላይ ከተራራው እወርዳለሁ፣ ያኔ ኮል አደርግልሻለሁ።»

ሙሌ በሰዓት ቀልድ አያውቅም፣ ስምንት ካለ ስምንት ነው፣ በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር እደውላለሁ ብሎ ሳይደውል የቀረበት አንድ ቀን አላስታውስም።

የወሰዱኝ ጋሽ በየነ ናቸው። ጋሽ በየነ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ሰባ አምስትን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው፣ የቅርጫው አለቃም እሳቸው ናቸው፣ ማረዱም መመደቡም በእሳቸው እጅ ነው። ሙሌ መጀመሪያ እዚህ አገር ሲመጣ ሁለት ዓመት ሳሎናቸው ሶፋ ላይ ያስተኙት፣ መንዳት በራሳቸው መኪና ያስተማሩት፣ በሠርጋችን ቀን አባት ሆነው የቆሙለት እሳቸው ናቸው። በመንገዳችን ላይ ሁሉ ስለ ሙሌ ነበር የሚያወሩኝ፣ መንዳት ሲማር መሪውን እንዴት ያንቅ እንደነበር፣ እንዴት ይፈራ እንደነበር፣ እኔም እየሳቅኩ ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ።

የድሮው ገበሬያችን እርሻውን ሸጦ ስለሄደ አዲሱን ቦታ ያገኘው ቢኒያም ነው፣ ቢኒያም ዋይት ሴንተር ሰፈር ሱቅ ያለው፣ ቀልድ ካልቀለደ የሚታመም የቅርጫችን አባል ነው። ቦታው ከሬንተን አንድ ሰዓት ያህል ወደ ተራራው ግርጌ ነው፣ ዛፉ ሰማዩን የደፈነበት። ስንደርስ መግቢያው ላይ ቀይና ወርቃማ ቀለማቸው የተላላጠ ትልልቅ የሠረገላ ጎማዎች እንደ አጥር ተደርድረዋል፣ ገባ ሲሉ ሰፊ ኩሬ አለ፣ ከኩሬው በላይ የድንጋይ ደረጃ፣ ደረጃው ግን የሚያወጣው ወደ ምንም ነው፣ አሥራ ምናምን ደረጃ ትወጡና ሣር! ባለቤቷ ዶሪስ የምትባል ፈረንጅ አሮጊት ናት፣ እስከ ጉልበቷ የላስቲክ ቦት አድርጋ ወጣች፣ ቢኒያም ዝም አያውቅምና «እዚህ ላይ ቤት ነበር እንዴ?» አላት።

«የሰርከስ ባለቤት ቤት» አለችው።

እሷ እንደነገረችን፣ በድሮ ጊዜ፣ መኪና ገና ብርቅ በነበረበት፣ ይህ ሁሉ መሬት የአንድ ሰርከስ ባለቤት ነበር፣ ሰውዬው ሙቀቱን ከከተማ ከተማ ሲዞር ይከርምና ብርዱ ሲገባ እንስሳቱን በባቡር ጭኖ እዚህ ያሳርፋቸዋል፣ ለዚሁ ብሎ እስከ በሩ ድረስ ሐዲድ አስዘርግቶ ነበር። ኩሬው የዝሆኖቹ መታጠቢያ ነው፣ ጎማዎቹ የሰርከሱ ሠረገላዎች ናቸው፣ የሷ አያት ደግሞ እንስሳቱን የሚመግብ ሠራተኛ ነበር። ጎረቤቶቹ ማታ ማታ የአንበሳ ግሣት እየሰሙ ይተኙ ነበር አለችን፣ በኋላ ቤቱ ተቃጠለ፣ መሬቱም እየተቆራረጠ ተሸጠ፣ የቀረው አንድ ብቻ ነው ብላ በጣቷ አሳየችን። ክብ ቤት። ከእንጨት ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ትልቅ፣ መስኮት የሌለው።

«አንበሶቹን እዚያ ውስጥ ነበር የሚያሠለጥኗቸው።»

ጋሽ በየነ አማተቡ፣ ቢኒያም ፎቶ አነሳ፣ እኔ ሰዓቴን አየሁ፣ ስድስት ሰዓት ሆኗል።

በሬው ሲመጣ በክብ ቤቱ በር በኩል ማለፍ ነበረበት፣ እዚያ ሲደርስ ቆመ። ቢጎትቱት፣ ቢገፉት፣ ወይ ፍንክች! ከዚያ፣ እመኑኝ፣ በፊት ጉልበቶቹ በርከክ ብሎ ራሱን ወደ በሩ ዝቅ አደረገ፣ ሰው እጅ እንደሚነሳ። ቢኒያም «የሰርከስ በሬ ነው እንዴ የሸጠችልን!» ሲል ሁላችንም ሳቅን፣ ጋሽ በየነ ብቻ አልሳቁም፣ «አንሱት፣ እዚህ አይታረድም» አሉና ከኩሬው ማዶ ወስደው፣ ወደ ምሥራቅ አዙረው፣ በስመ አብ ብለው አረዱት።

ተገፎ ብልቱ ወጥቶ ሊመደብ ሲል ዝናቡ መጣ፣ ያ የለመድነው የሲያትል ካፊያ እንዳይመስላችሁ፣ የሚወቅጥ ዝናብ፣ ወንዶቹም ሥጋውን ተሸክመው ወደዚያው ክብ ቤት ሮጡ፣ ሌላ መጠለያ የለማ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ መሬቱ ሰጋቱራ ተነስንሶበታል፣ ዙሪያውን ደግሞ ወገብ የማይደርሱ፣ በብረት የታሰሩ፣ የተገለበጠ በርሜል የሚመስሉ የእንጨት ነገሮች በክብ ተደርድረዋል። አሥር ናቸው። «እግዜር ያዘጋጀልን ጠረጴዛ» አሉ ጋሽ በየነ፣ ላስቲክ አስነጠፉባቸውና በየአንዱ ላይ አንድ አንድ መደብ ደለደሉ፣ ከጉበቱም ከጎድኑም ከሻኛውም እያመጣጠኑ፣ እኔ ዓይኔን ሻኛው ላይ ተክዬ። ዘጠኝ መደብ ሆነ፣ አሥረኛው እንጨት ራቁቱን ቀረ።

ይኼኔ ስምንት ሰዓት አልፏል። ስልኬ ዝም። ደወልኩ፣ ሳይጠራ ቮይስ ሜይል ውስጥ ገባ። ተራራው ላይ ኔትዎርክ የለም አልኩ ለራሴ፣ ስምንት ከሩብ ላይ ደወልኩ፣ ስምንት ከሃያ ላይ ደወልኩ፣ ያው ነው።

«ዕጣችሁን ወዲህ በሉ» አሉ ጋሽ በየነ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዘርግተው። ታውቁታላችሁ መቼም፣ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ያገኘውን ትንሽ ዕቃ ይጥላል፣ ቢኒያም ላይተር ጣለ፣ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ የጥርስ ስንጥር፣ እኔ ደግሞ ልተክለው ብዬ ኪሴ ውስጥ የያዝኩትን ከሙሌ ጃኬት የወለቀ አዝራር ጣልኩ። ጋሽ በየነ የራሳቸውን መጨረሻ ላይ ከተቱ፣ ምን እንደከተቱ አላየሁም። የሚያወጣው ማን የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው መሆን አለበትና ባርኔጣውን ለዶሪስ ሰጧት፣ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ አድርጊ ተባለች፣ ወንዶቹ ሳይጨልም ፈርሱን ሊቀብሩና ቢላውን ሊያጥቡ ወጡ።

«አንቺ ቁሚላት፣ ግን ፊትሽን አዙሪ» አለኝ ቢኒያም። «ሴትዮዋን ጠቅሰሽ ሻኛውን ለራስሽ ታስደርጊያለሽ።»

«ሂድ ወዲያ!» አልኩት፣ ግን ዞርኩ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ስቆም የመጀመሪያው ነገር ሽታው ነው፣ የበሬው ሥጋ ሽታ አይደለም፣ ጾመኛ ስለሆንኩ ሥጋን ከሩቅ ነው የማሸተው፣ ይህ ግን የረጠበ ጠጉር ሽታ ነው፣ ሞቅ ያለ። ቀጥሎ ከወዲያ በኩል ሰንሰለት መሬት ለመሬት ሲጎተት ሰማሁ፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ያርፋል፣ ትንሽ ይሄዳል። ውሻዋ ነው ብዬ «ዶሪስ፣ ውሻ አለሽ እንዴ?» አልኳት። «የለኝም» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ወደ እግሬ ሳይ ደግሞ ቅድም ሥጋው ሲገባ ሰጋቱራው ላይ የተንጠባጠበው ደም የለም፣ በደንብ ነው ያየሁት እኮ፣ ረግጬው እንዳልሄድ ዘልዬው ነበር፣ አሁን በቦታው እርጥብ ሰጋቱራ ብቻ ነው፣ ተልሶ የጸዳ ሳህን አይታችሁ የለ፣ እንደዚያ።

«ጨረስኩ» አለች ዶሪስ፣ ድምጿ ልክ አልነበረም።

ዞርኩ። ስምንት መደብ ላይ ዕጣ አለ። አንዱ መደብ ዕጣ የለውም። የሙሌ አዝራር ሥጋ በሌለው፣ በራቁቱ፣ በአሥረኛው እንጨት ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ ላይ ሥጋ የለም እኮ!» አልኳት፣ ስደነግጥ እቆጣለሁ፣ ልማዴ ነው።

«አያለሁ» አለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። «እጄ ሄደብኝ። እነዚህን ለሥጋ ስትጠቀሙባቸው ቅድም መናገር ነበረብኝ፣ ግን ሞኝ እንዳልባል ዝም አልኩ። እነዚህ ጠረጴዛ አይደሉም፣ የአንበሶቹ መቀመጫዎች ናቸው።»

ከዚያ ነገረችኝ፣ ቶሎ ቶሎ፣ በሩን እያየች። አንድ ክረምት በረዶ ሐዲዱን ዘጋው፣ ሥጋ አለቀ፣ አሥር አንበሳ ተራበ። ሰውዬው የየአንበሳውን ስም በናስ ላይ አስቀርጾ ነበርና ናሶቹን ባርኔጣ ውስጥ ከተተና አያቷን አንዱን አውጣ አለው። ማታ ዘጠኙ አንበሶች በየመቀመጫቸው ተቀምጠው በሉ።

«አሥረኛውስ?» አልኳት።

«የአሥረኛው መቀመጫ ባዶውን ነበር» አለች። «የበሉት እሱን ነው።»

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ፣ ቮይስ ሜይል፣ እንደገና ደወልኩ፣ ቮይስ ሜይል። እንግዲህ ሁላችሁም ሞኝ በሉኝ፣ ጥርስ አጣቢ፣ የተማረች፣ ህልም የማታስፈታ፣ ምን ትሉኝ፣ የባሌ አዝራር እዚያ ላይ አንድ ሰከንድ እንድትቆይ አልፈለግሁም፣ ሄጄ አነሳኋት። እንጨቱ ትኩስ ነበር። ጃንዋሪ ነው፣ እስትንፋሳችን ይታያል፣ ሌሎቹ መቀመጫዎች በረዶ ናቸው፣ እሱ ግን ሰው አሁን ተነስቶ እንደሄደበት ወንበር ሞቋል።

አዝራሯን ባነሳሁ ጊዜ ሰንሰለቱ ቆመ። ቀጥሎ ትንፋሹ መጣ፣ ከአንድ ቦታ አይደለም፣ ከዙሪያችን፣ ከየመቀመጫው ኋላ፣ ከባድ ከባድ ትንፋሽ፣ ከፊቴ ደግሞ ሰጋቱራው ማንም ሳይረግጠው ስርጉድ አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ጠጋ ብሎ ሌላ ስርጉድ።

«ባዶ አትተይው!» አለች ዶሪስ። «አንድ ነገር አድርጊበት!»

በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ አላየሁም፣ የማን እንደሆነ አላየሁም፣ አጠገቤ ካለው መደብ ላይ የነበረውን ዕጣ አፈፍ አድርጌ አሥረኛው መቀመጫ ላይ ጣልኩት፣ የሙሌን አዝራር በሱ ቦታ ሥጋው ላይ አስቀመጥኩ። ያ ዕጣ ያልነበረበት መደብ አጠገቤ ቢሆን ኖሮ አዝራሬን እዚያ አድርጌ እንጨቱ ላይ ድንጋይም ቢሆን አስቀምጥ ነበር እላለሁ አንዳንዴ፣ ግን ውሸት ነው፣ ድንጋይ የሚበቃ አልመሰለኝም፣ የሰው ዕጣ እንደሚፈልግ ያወቅሁ መሰለኝ። ትንፋሹ ጸጥ አለ። ዝናቡ ብቻ ቀረ። ስልኬ ጮኸ።

«ትርሲት» አለኝ ሙሌ። «አይዞሽ፣ ደህና ነኝ። ትራኩ ተንሸራቶ ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ነበር፣ ግማሽ ሰዓት፣ ስልኩን ላነሳ ብል ይንቀሳቀሳል፣ መተንፈስ ፈርቼ ነው የተቀመጥኩት። አሁን፣ አሁን በዚህች ደቂቃ ጎማው ያዘ፣ ምን እንደያዘው አላውቅም፣ ወጣሁ።»

አለቀስኩ። እንዴት እንዳለቀስኩ አልነግራችሁም። ስልኩን ስዘጋ ዶሪስ ግድግዳውን ተደግፋ ታየኛለች።

«ሰውዬውም እንዲሁ ነው ያደረገው» አለችኝ። «በጡጦ ያሳደጋት አንዲት አንበሳ ነበረችው። ዕጣው ለሷ ወጣ፣ አያቴ እያየው ናሷን በሌላ ቀየራት።»

«ዳነች?»

«ብዙ ዓመት ኖረች። ከዚያ በኋላ አጠገቧ መቆም ያቃተው እሱ ነው።»

ወንዶቹ እጃቸውን እያራገፉ ገቡ። ቢኒያም ዞር ዞር ብሎ አየና «ፈረንጇ አበደች እንዴ፣ ይቺ ባዶው ላይ ያለችው የማን ናት?» ብሎ አነሳት። ትንሽ የፖስታ ሣጥን ቁልፍ ናት።

«የኔ ናት» አሉ ጋሽ በየነ።

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልናገር ነበር የከፈትኩት፣ መልሱ፣ እንደገና ይውጣ፣ እኔ ነኝ የነካሁት ልል፣ ግን እንደገና ቢወጣና አዝራሯ እንደገና እዚያ ላይ ብትቀመጥስ? ሙሌ ገና ከተራራው አልወረደም። አፌን ዘጋሁ። እሳቸው ሳቁ፣ «ሽማግሌ ሥጋ አያስፈልገውም ብላ ነው» አሉና ዕጣ ያልወጣበትን መደብ ይዘው፣ ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ወደ ቤታችንም በዚያ ዝናብ እሳቸው እየነዱ መለሱኝ፣ እኔ መንገዱን ሙሉ የበሩን እጀታ አንቄ፣ እሳቸው ግን ለሙሌ የተጨነቅሁ መስሏቸው ሲያጽናኑኝ ነበር።

ሙሌ በሰላም ገባ። በገና ቀን ሥጋውን እየበላ «ይኼ ነው ድርሻ! ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምትሄጂው» አለኝ፣ እኔ ጨጓራዬን አመመኝ ብዬ አልቀመስኩም፣ ሲያኝክ ላየው አልቻልኩም፣ ያ የናፈቅሁት ባሌ ፊቴ ተቀምጦ ተነስቼ ሳህን አጠብኩ።

ጋሽ በየነ ደህና ናቸው። ይኸው ዓመት ሆናቸው፣ ደህና ናቸው። እንዴት እንደማውቅ ልንገራችሁ፣ ሁልጊዜ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ መኪና ውስጥ ሆኜ እደውልላቸዋለሁ፣ በመጀመሪያው ካላነሱ መንገድ ዳር ፓርክ አድርጌ እስኪያነሱ እደውላለሁ፣ ሁለቴ ሥራ አርፍጃለሁ። ሲዘንብ እንዳይነዱ እለምናቸዋለሁ፣ አስቤዛቸውን እኔ ነኝ የማደርስላቸው፣ በረዶው እንዳያንሸራትታቸው ደረጃቸው ላይ ጨው የምበትነው እኔ ነኝ። ሙሌ «ጋሽ በየነን እንዲህ መውደድሽ ለኔ ስትዪ እንደሆነ አውቃለሁ» ይለኛል፣ ለሱ ብዬ መሆኑስ እውነት ነው።

ሌላ ገና ደረሰ። ትናንት ሙሌ ያንኑ ተራራ ሊሻገር ተነሳ፣ እኔም እንደ ልማዴ ለጋሽ በየነ ደወልኩ፣ አነሱ፣ ተመስገን አልኩ በልቤ፣ ትንሽ አሳላቸው፣ ብርዱ ነው አሉኝ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ከዚያ፣ «ወልጄም ቢሆን እንዲህ በየቀኑ የሚጠይቀኝ አላገኝም ነበር። ሙሉጌታ ዛሬ መንገድ ላይ ነው አይደል? አትፍሪ። እኔ ሁልጊዜ ነው የምለምንለት፣ ከኔ ዕድሜ ቀንሰህ ለሱ ጨምርለት እያልኩ።»

ከኋላዬ መኪናዎች ክላክስ ያደርጉብኛል፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል።

«አሜን በይ እንጂ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም ይባላል እንዴ?» አሉኝ እየሳቁ።

«አሜን» አልኩ።